ካንዴላ ከመግዛታችሁ በፊት ቾኩን እዩት

ይህን የምጽፈው ካርቡራተር ያለው አሮጌ የቤንዚን መኪና ይዘው ወሎ ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። አዲስ መኪና ያለው ሰው ቢያነበው አይከፋም፤ ግን ብዙ አይጠቅመውም። በአሮጌዎቹ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራተሩ ነው፤ በአዲሶቹ መኪኖች ላይ ቤንዚኑን የሚመጥነው ኮምፒውተር ነው። እኛ ጋ ግን አሁንም ገመድ አለ፣ ብሎን አለ፣ ዳዶ አለ። እነሱ ሲላሉ ኪሳችንም ይላላል።

የእኔዋ በእጅ የሚሳብ ቾክ ያላት አሮጌ ቶዮታ ፒካፕ ናት። ከኩታበርና ከቦሩ ሜዳ ድንች እየጫንኩ ኮምቦልቻና ባቲ አደርሳለሁ። ስመለስ ሽንኩርትም ማሽላም፣ የተገኘውን ይዤ እወጣለሁ። መኪናዋ በአንድ ቀን ውስጥ ደጋም ቆላም ታያለች ማለት ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ተጠማዝዛችሁ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትወርዱ ኮምቦልቻ ናት፤ እሷ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ባቲ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ትላለች። ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ብልሽት በየከተማው ሌላ ስም ሲሰጠው የከረመው በዚህ መውጣትና መውረድ የተነሳ ነው።

ቾክ ምን እንደሚሠራ ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። ካርቡራተሩ አፍ ላይ፣ ከአየር ፊልትሮው ሥር፣ በዘንግ ላይ የምትዞር ቀጭን የብረት በር አለች። ሞተር ሲቀዘቅዝ ቤንዚን በደንብ አይተንም። ብዙው በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ ይቀራል። ጠዋት የቾኩን እጀታ ስትስቡ ያቺ በር ትዘጋለች፤ አየር ያንሳል፤ ሞተሩ ብዙ ቤንዚን ይስባል፤ ይነሳል። ሲሞቅ ነገሩ ይገለበጣል። የሞቀ ሞተር ለ1 ኪሎ ቤንዚን ወደ 15 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ያኔ በሯ ቀጥ ብላ ቆማ መንገዱን መልቀቅ አለባት። ካልለቀቀች ሞተሩ እየታነቀ ይሠራል።

ችግሩ የጀመረው በጥቅምት ብርድ ነው። የሚገርመው ጠዋት ጠዋት መኪናዋ ከወትሮው የተሻለች ነበረች። የሰፈሩ አሮጌ መኪኖች በውርጭ እየተገፉ ሲነሱ የእኔዋ ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን፣ ነካ ሳደርገው ትነሳለች። ቾክ እንኳ መሳብ አያስፈልጋትም። ደስ ብሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ምልክት እሱ እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው። ደሴን በሚያህል ብርድ ውስጥ ቾክ ሳይሳብለት እሺ ብሎ የሚነሳ አሮጌ ሞተር ካያችሁ ተጠራጠሩ። በሯ ተዘግታ አድራ ሊሆን ይችላል።

ጠባይዋ የሚለወጠው ኮምቦልቻ ስትደርስ ነው። ድንቹን አራግፌ ልነሳ ስል እምቢ ትላለች። ሞተሪኖው ይዞራል፤ ሞተሩ ግን አይይዝም። አካባቢው ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። እንደምንም ስትነሳ ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ቡልቅ ይላል። ሚኒሞ ላይ ትንገጫገጫለች፤ ነዳጅ ካልረገጥኩላት ትጠፋለች። መንገድ ላይ መኪና የሚገፉ ልጆች እስኪለምዱኝ ድረስ ይኼው ሆነ።

እዚያው ያለ አንድ ጋራዥ ካንዴላዎቹን፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን፣ ፈትቶ አየ። ሁሉም ደረቅ ጥቀርሻ ለብሰዋል። “ካንዴላ ጨርሰሃል” ተባልኩ። አዲስ ገዛሁ፤ መኪናዋም ተስተካከለች። ለጥቂት ቀን። ከዚያ ያው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚህ ነው። አዲስ ካንዴላ ንጹሕ ስለሆነ ቤንዚን የበዛበትን ሞተር እንኳ ለጊዜው ያነሳዋል። ስለዚህ ችግሩ የተፈታ ይመስላል። ጥቀርሻው እንደገና ሲሸፍነው ደግሞ “የገዛኸው ካንዴላ ፎርጅድ ነው” ይባላል። ሌላ ይገዛል። ካንዴላ የሚነግራችሁን ነገር አንብቡ እንጂ በእሱ አትፍረዱ። የጤነኛ ሞተር ካንዴላ ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥቀርሻ ካለበት ቤንዚን በዝቷል፣ ወይም አየር አንሷል። ነጣ ካለ ቤንዚን አንሷል። የሚያዳልጥ እርጥብ ጥቁር ከሆነ ግን ዘይት እየገባ ነው፤ እሱ ሌላ በሽታ ነው።

ከካንዴላው ቀጥሎ ለካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቦቢና ተቀየረ። ከቦቢናው ቀጥሎ የካንዴላ ገመዶቹ። እውነት ለመናገር ገመዶቹ ያረጁ ስለነበሩ አልቆጨኝም። ቦቢናው ግን ደህና ነበር፤ ዛሬም መጠባበቂያ ሆኖ ከወንበር ሥር ተቀምጧል።

ባቲ ላይ ደግሞ ሌላ ስም መጣ። ሰኞ ገበያ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። መኪናዋ አልነሳም ስትል አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቀረብ አለና “ቤንዚኑ በሙቀት ተኖብህ ነው” አለ። ጨርቅ በውሃ አርሶ የቤንዚን ፓምፑ ላይ ጠመጠመልኝ። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ተነሳች። ከዚያ በኋላ ባቲ ስሄድ የውሃ ጀሪካንና ጨርቅ ከጎኔ አይለዩም ነበር።

ሾፌሩ የነገረኝ ነገር በራሱ እውነት ነው። በአሮጌ መኪና ላይ ቤንዚን ቱቦ ውስጥ ተኖ ፓምፑ መግፋት ያቅተዋል። የእኔ ጉዳይ ግን እሱ አልነበረም። ሞተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ቤንዚን ሻይ እስክንጠጣ ድረስ ደረቀ፤ ምስጋናውን ጨርቁ ወሰደ። ሁለቱን የምትለዩበት ቀላል መንገድ አለ። ቤንዚን ተኖ ከሆነ ሞተሩ ተርቧል ማለት ነው፤ ካንዴላ ብትፈቱ ደረቅ ነው፤ ሽታም የለም። ቤንዚን በዝቶ ከሆነ ካንዴላው በቤንዚን ርሶ ይወጣል፤ ሽታው ከሩቅ ይመጣል። አፍንጫችሁን እመኑት።

ከዚያ ገብስ ልጭን በጉጉፍቱ በኩል ወደ ወረኢሉ ወጣሁ። ያን መንገድ የሚያውቅ ብርዱን ያውቀዋል። ዳገቱ ላይ መኪናዋ ጉልበት አጣች። በሁለተኛ ማርሽ የምወጣውን በአንደኛ ሆነ። አጠገቤ የተሳፈሩ አባት “ልጄ፣ እዚህ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ሰውም ያለከልካል” አሉኝ። እሳቸውም አልዋሹም። ደሴን በሚያህል ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ጉጉፍቱ ደግሞ ከደሴ በላይ ነው። ካርቡራተር ይህን አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ደጋ ላይ ማንኛውም ካርቡራተር ያለው ሞተር በተፈጥሮው ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጉልበቱም ትንሽ ይቀንሳል። በዚያ ላይ የቾኩ በር በከፊል ተዘግታ ስትጨመርበት ሞተሩ ዳገት መውጣት ያቅተዋል።

እንግዲህ ተመልከቱ። ኮምቦልቻ ላይ ካንዴላ ነው ተባለ። ባቲ ላይ ሙቀት፣ ጉጉፍቱ ላይ ከፍታ። እያንዳንዱ ቦታ የራሱ የተዘጋጀ መልስ አለው፤ መልሱም በአብዛኛው ጊዜ ልክ ስለሆነ ሰው አይጠራጠርም። እኔ የምመክራችሁ፣ መኪናችሁ ደጋም ቆላም ላይ ካስቸገረች ለሁለቱም ቦታ የሚሆን አንድ ምክንያት ፈልጉ። አየሩ ይለወጣል፤ ከእናንተ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ነገር ግን መኪናዋ ውስጥ አለ።

የሚያስደነግጠው የመጣው ከዘይቱ ነው። አንድ ማለዳ የዘይት መለኪያውን አውጥቼ ሳይ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፏል። እኔ ዘይት አልጨመርኩም። አሸተትኩት፤ ቤንዚን ነው። በጣቴ ሳሸው ቀጥኗል። መኪናዋን ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት። የሰጠኝ መልስ አጭር ነበር፦ “ፋሻ ጨርሷል፣ ሞተር ይውረድ።” ፋሻ ማለት ፒስተኑ ላይ ያለው ቀለበት ነው። ዋጋውን ሲነግረኝ መኪናዋን ብሸጣት ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

ይህን ምልክት በቁም ነገር ያዙት። ሳይቃጠል የቀረ ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ እየወረደ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ግድግዳው ላይ ያለውን የዘይት ሽፋን ያጥበዋል። ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል። ቾክ እንደ ተራ ነገር ይታያል፤ ተከድኖ ብዙ ከቆየ ግን ያልጨረሰውን ፋሻ በእርግጥ ያስጨርሳል። ዘይታችሁ ከጨመረና ቤንዚን ከሸተተ መኪናዋን አቁሟት።

ሞተር ሳይወርድ በፊት አንድ ሰው አሳያት ብለውኝ ደሴ ውስጥ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰድኳት። ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ካንዴላውን፣ ቦቢናውን፣ ጨርቁን፣ ፋሻውን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

“አብሽር” አሉ። “ሞተሩን ከማውረዳችን በፊት እስቲ ክዳኑን እናውርድ።”

የፊልትሮውን ክዳን አነሱ። ፊልትሮውን አወጡ። ከዚያ “ቾኩ የት ነው ያለው?” አሉኝ።

“ገብቷል ሐጂ። እጀታው እስከ መጨረሻው ተገፍቷል።”

“እጀታውን አልጠየቅኩህም። ና፣ እየው።”

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በሯ ቀጥ ብላ መቆም ሲገባት ጋደም ብላለች። የካርቡራተሩን አፍ ሲሶውን ያህል ከድናዋለች። እጀታውም እስከ መጨረሻው ገብቷል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የቾክ ገመድ ውስጡ ሽቦ፣ ውጪው ሽፋን ነው። ሽፋኑ ካርቡራተሩ ጎን ላይ በትንሽ ፋሸታ ይታሰራል። ፋሸታው ሲላላ ሽፋኑ ራሱ ከሽቦው ጋር ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል። እጀታውን ትገፋላችሁ፤ ዳሽቦርዱ ላይ እስከ ጥጉ ይገባል፤ የተንቀሳቀሰው ግን ሽፋኑ ነው። በሯ ባለችበት ትቀራለች። እጀታው የሚነግራችሁ እጀታው የት እንዳለ ብቻ ነው።

ሐጂ ፋሸታውን አላልተው በሯን በጣታቸው ቀጥ አድርገው አቆሙ። እኔን እጀታውን እስከ መጨረሻው አስገፉኝና መልሰው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጪ አስጎተቱኝ። በዚያ ሁኔታ ፋሸታውን አጠበቁት። ያቺ ትንሽ ትርፍ ለምን እንዳስፈለገች ስጠይቃቸው “ሽቦ ሲሞቅና ሲቆይ ይለወጣል። ትርፍ ካልተውክለት በሯ መቼም ሙሉ አትከፈትም” አሉኝ። ይህን ሥራ ማንም ሰው በካቻቢቴና በትንሽ ቁልፍ ራሱ መሥራት ይችላል። ከዚያ እጀታውን ሙሉ ስባችሁ በሯ ሙሉ በሙሉ መዝጋቷን ማየት ነው።

የሐጂ ረዳት ልጅ ክዳኑን መልሶ ገጠመ። ሒሳቡ የሚያሳፍር ትንሽ ነበር። ሞተር ማውረድ ቀረልኝ ብዬ እየዘፈንኩ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ሐረጎን ሳልጨርስ ሽታው ተመለሰ።

አሁን የምነግራችሁ ክፍል ነው ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ። ፋሸታው የሚላላ መሆኑን ብዙ መካኒክ ያውቃል። ሁለተኛውን ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። ተመልሼ ስሄድ ሐጂም ግራ ገባቸው። ክዳኑን አነሱ፤ በሯ ቀጥ ብላ ቆማለች። በጣታቸው ነካ ሲያደርጓት ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች፤ ምንም የያዛት ነገር የለም። እጀታውን ስስብ ትዘጋለች፤ ስገፋ ትከፈታለች። ሁሉም ደህና ነው። ክዳኑ ሲገጠም ሞተሩ ይታመማል፤ ክዳኑ ሲነሳ ይድናል።

ቆይተው ሐጂ ክዳኑን ራሳቸው ገጠሙ። ይህን ጊዜ ግን ከላይ ማየቱን ትተው ጣታቸውን ከጎን፣ ገመዱ የሚታሰርባት ትንሽ ዘንግ ላይ አሳረፉ። ረዳቱ የክዳኑን ባለ ክንፍ ዳዶ በፒንሳ እያጠበቀ ነበር። ዳዶው እየጠበቀ ሲሄድ ዘንጓ ከጣታቸው ሥር ደረቅ አለች። መጨረሻ ላይ ጭራሽ አልንቀሳቀስ አለች። ዳዶው ግማሽ ዙር ሲላላ ተለቀቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኔ መኪና ላይ የፊልትሮውን ቤት የሚይዘው ረጅም ብሎን ከካርቡራተሩ አናት ላይ ነው የሚወጣው። የካርቡራተር አናት ስስና ለስላሳ ብረት ነው። ዳዶው ያለ ልክ ሲጠብቅ አናቱ ይጎብጣል፤ በጥቂቱ፣ በዓይን በማይታይ መጠን። የበሯ ዘንግ የሚያልፍበት ቀዳዳም አብሮ ይጣመማል። ዘንጓ ይያዛል፤ በሯም ሙሉ ሳትከፈት ትቀራለች። ክዳኑን ለማየት ስትፈቱት ደግሞ ብረቱ ይመለሳል፤ በሯም ትለቀቃለች። ለማየት የምታደርጉት ነገር ራሱ ብልሽቱን ይደብቀዋል።

ለምን እንዲህ ጠበቀ? ከፊልትሮው ቤት ሥር መኖር የነበረባት ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን፣ የለችም። የሆነ ጊዜ ፊልትሮ ሲቀየር ጠፍታለች። እሷ ስትጠፋ የፊልትሮው ቤት ይንቀጠቀጣል፤ ይጮኻል። ያንን ድምፅ ለማጥፋት የነካው ሰው ሁሉ ዳዶውን ትንሽ ጨመር እያደረገ አጠበቀው። አንድ ቀን ፒንሳ መጣ። በቃ።

ሐጂ ወፍራም የጓርኒሲዮን ወረቀት ቆርጠው አስገቡ። ዳዶውን በሁለት ጣታቸው ብቻ አጠበቁ። ረዳቱንም ተቆጡት፤ እኔንም ጨምረው። “ክንፍ ያለው ዳዶ ክንፉ የተሠራለት ለጣት ነው። ለፒንሳ ቢሆን ኖሮ እንደ ሌላው ዳዶ ባለ ስድስት ጎን ይሆን ነበር።” ከዚያ ወዲህ መኪናዬ ክዳን ላይ ፒንሳ የሚያሳርፍ ሰው ካየሁ ከእጁ ነው የምነጥቀው።

ከጥገናው በኋላ ሁለት ነገር አደረግን። ዘይቱን በሙሉ ቀየርን፤ ቤንዚን የተቀላቀለበት ዘይት ሞተር አይጠብቅምና። ቾኩን አስተካክላችሁ አሮጌውን ዘይት ከተዋችሁት ሥራው ግማሽ ነው። ካንዴላዎቹን ግን አልገዛሁም። በብሩሽ ተጠርገው ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ቡናማ ሆነዋል።

እናንተ ራሳችሁ ለማየት ስትነሱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ጀምሩ። ክዳኑን አንሱ። አንድ ሰው እጀታውን ይሳብ፤ እናንተ በሯን እዩ። ሙሉ ትዘጋለች? ሲገፋ ቀጥ ብላ ትቆማለች? መሐል ላይ ትይዛለች? ከዚያ ክዳኑን ግጠሙና ከጎን በጣታችሁ ሞክሩ። ይህን ሁለተኛውን አትዝለሉት። መጨረሻ ላይ መኪናዋን ነድታችሁ አሙቋት፤ አጥፉና ወዲያው ክዳኑን አንስታችሁ በሯን እዩ። ብረት ሲሞቅ የሚይዝ ዘንግ አለ፤ በብርድ ብታዩት አታገኙትም።

ዘንጓ የምትይዘው በቆሻሻ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። መኪና ለወራት ሲቆም ቤንዚኑ ደርቆ ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል፤ አቧራ ይጨመርበታል። በካርቡራተር ማጽጃ ስፕሬይና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ዘንጓን ከሁለቱም ጫፍ አጽዱ። ወፍራም ዘይት ወይም ግራሶ አትቀቡ፤ የወሎን አቧራ ይሰበስብና በወሩ ያው ነው። ሥራው ደጅ ላይ፣ የባትሪው ገመድ ተፈትቶ፣ ያለ ሲጋራ ይሁን።

ተቃራኒው ብልሽትም አለ። በሯ ጭራሽ አልዘጋ ትላለች፤ ጠዋት ሞተሩ አይነሳም፤ ከተነሳ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ደህና ነው። ያኔ ሰው የሚያደርገው ይታወቃል። ክዳኑን አንስቶ በሃይላንድ ክዳን ቤንዚን ካርቡራተሩ አፍ ውስጥ ጠብ ያደርጋል፤ ሌላው ሞተሪኖውን ይመታል። ወይም አፉን በመዳፉ ይከድናል። ሞተሩ መልሶ ሲተኩስ እሳቱ የሚወጣው በዚያው አፍ ነው። ፊቱ የተለበለበ ሰው አውቃለሁ። ቤንዚን አታፍስሱ፤ እጃችሁንም አታስገቡ። ገመዱ እስኪሠራ ድረስ የግድ ማነቅ ካለባችሁ፣ ሞተሪኖውን የሚመታ ሰው ሳይጀምር በሯን በቀጭን ሽቦ ዘግታችሁ እሰሩና ራቁ። እንደተነሳ አጥፍቶ ሽቦውን መፍታት ነው።

ቤንዚን የጠጣ ሞተር ገጥሟችሁ መንገድ ላይ ከቆማችሁ ደግሞ ቾኩን ሙሉ ግፉት። የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ድረስ ረግጣችሁ ያዙ። አትንፉት፤ አንዴ ረግጣችሁ ዝም ነው። እያንዳንዱ መንካት ሌላ ቤንዚን ይጨምራል። ፔዳሉ ተይዞ ሞተሪኖውን 10 ሰከንድ ያህል አዙሩ፤ ካልያዘ አሳርፉት፤ ድገሙ። አየሩ ትርፉን ቤንዚን ያወጣዋል።

አጠቃቀሙም ቦታ ይለያል። ደሴና ከዚያ በላይ በውርጭ ማለዳ ቾኩን ሙሉ ሳቡ፤ እንደተነሳ ግማሽ ድረስ መልሱ፤ ሞተሩ ሳይንገጫገጭ ሲሠራ ሙሉ ግፉ። ብዙ ደቂቃ አይፈጅም። ባቲ ላይ በቀን ቾክ አያስፈልጋችሁም። ግቢ ውስጥ በር ዘግቶ ቾክ ስቦ ማሞቅ ክልክል ነው ማለት እችላለሁ፤ ቤንዚን ሲበዛ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ሽታ የሌለው መርዝ ሰው ይገድላል። ሌላው፣ ሐረጎን በተሳበ ቾክ አትውረዱ። ቾኩ ሲሳብ ሚኒሞውንም ከፍ የሚያደርግ ዘንግ አለው። በማርሽ ልትይዟት ስትሞክሩ ሞተሩ ራሱ ይገፋታል፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ጭነት ይዞ በዚያ ጥምዝምዝ ይህ ቀልድ አይደለም።

እጀታ የሌላችሁ፣ ቾካችሁ አውቶማቲክ የሆነ፣ በሯን የሚከፍተው ሲሞቅ የሚፈታ የብረት ጥቅል ነው። አንዳንዱን የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ ሞተር ሲሠራ 12 ቮልት ገደማ መድረሱን በቴስተር እዩ። ሽቦው ተነቅሎ ተንጠልጥሎ የምታገኙት መኪና ብዙ ነው። ሌላውን የሚያሞቀው የራዲያተሩ ውሃ ነው። እዚህ ላይ እኛ አገር አንድ ልማድ አለ፤ ሞተር ሲፈላ የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደሴ ብርድ በደንብ አይሞቅም፤ ውሃው ካልሞቀ ጥቅሉ አይፈታም፤ በሯም አትከፈትም። እንዲህ ያለ መኪና ካላችሁ ቾኩን ከመነካካታችሁ በፊት ቴርሞስታቱ መኖሩን ጠይቁ።

አሮጌ ፒካፕ ልትገዙ ከሆነም ሻጩ ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቃችሁ ቀድማችሁ ድረሱ። ኮፈኑ ላይ እጃችሁን አሳርፉ፤ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። በእጅ የሚሳብ ቾክ ካለው እጀታውን ሳትስቡ አስነሱት። በብርድ ያለ ቾክ ከተነሳ ክዳኑ ይነሳልኝ በሉ። የክዳኑ ዳዶ ላይ የፒንሳ ጥርስ ምልክት ካያችሁ ደግሞ ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት አገኛችሁ።